ቤትም ይመዘናል

ሰው ከጥንት ጀምሮ ለሚሸጠውና ለሚገዛው ነገር ሁሉ መለኪያ ሲያበጅ ኖሯል። ለእህሉ ቁናና ዳውላ፥ ለሸማው ክንድ፥ ለእርሻው ገመድ፥ ለወርቁ ሚዛን አለው። ገበያ የወጣች እመቤት ቁናው ጎደለ ብላ ከነጋዴው ጋራ ስትከራከር ብናያት አንፈርድባትም፤ ገንዘቧን የከፈለችበትን ነገር መጠን ማወቅ መብቷ ነውና። ነገር ግን ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ወደ ቤቱ ካስገባው በኋላ ሳያየው በጣሪያና በግድግዳ ሾልኮ የሚጠፋበት አንድ ሀብት አለ። ይኸውም ሙቀት ነው። ሙቀት በዓይን አይታይም፥ በእጅ አይጨበጥም፥ ሲወጣም ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ብዙ ዘመን መለኪያ ሳይገኝለት ቆየ፤ የብርድ አገር ሰውም የጎደለበትን የሚያውቀው በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲመጣበት ብቻ ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በካናዳ አገር፥ በቶሮንቶ ከተማ፥ ከእኅቴ ቤት ተቀምጬ ያየሁት ነገር ነው። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለትምህርት ሄጄ ከአንድ ዓመት በላይ ከርሷ ጋራ ስኖር፥ እኅቴና ባሏ ቤታቸውን አስመርምረው ከመንግሥት ገንዘብ እስኪመለስላቸው ድረስ የሆነውን ሁሉ ተመለከትሁ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የወረቀትና የደረሰኝ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲያዩት ግን መንግሥት የሕዝብን ገንዘብ በምን ሥርዓት መስጠት እንደሚገባው፥ ሰውም ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ አስቀድሞ ምን ማወቅ እንዳለበት የሚያስተምር ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ ሕጉን ላስረዳ። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 «ግሪነር ሆምስ ግራንት» የተባለ፥ ትርጓሜው የአረንጓዴ ቤቶች ድጎማ የሆነ ደንብ አወጣ። በዚህም ደንብ መሠረት የቤቱን የኀይል ብክነት ለሚቀንስ ባለቤት እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር፥ ለምርመራው ወጪም እስከ 600 ዶላር ይሰጠው ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ እንዲያው በጥያቄ ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ቤቱ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት መሆን አለበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበ የኀይል አማካሪ መጥቶ ቤቱን መርምሮ ደረጃ ሊሰጠው ይገባል። ባለቤቱም የአማካሪውን ዘገባ አንብቦ የሚያሠራውን ይመርጣል፥ በራሱ ገንዘብ ያሠራል፥ ደረሰኙን ያስቀምጣል። ሥራው ሲያልቅ አማካሪው ዳግመኛ መጥቶ ይለካል። ከሁለተኛው ልክ በኋላ ነው ገንዘቡ የሚመለሰው። ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት የተሠራ ነገር ምንም ያህል መልካም ቢሆን አይቆጠርም ነበር።

ደረጃው «ኤነርጋይድ» ይባላል። ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚፈጀውን ኀይል በጊጋጁል ቈጥሮ የሚያሳይ ነው። አንድ ጊጋጁል 278 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። እንደ ትምህርት ቤት ማርክ ቍጥሩ ከፍ ሲል የሚያስመሰግን ሳይሆን ዝቅ ሲል የሚያስመሰግን ነው። በጣም የወደድሁለት ነገር ግን የሚመዘነው ቤቱ እንጂ ነዋሪው አለመሆኑ ነው። ነዋሪው ቆጣቢ ይሁን አባካኝ፥ ቤተሰቡ ይብዛ ይነስ፥ ስሌቱ ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አኗኗር አስቦ ይሠራል። ስለዚህ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ልዩነታቸው የግድግዳቸውና የጣሪያቸው እንጂ የባለቤቶቻቸው ጠባይ አይደለም።

ይህ አሠራር በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሁሉ በድንገት ሲንር የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ብክነት ዞረ። በእኛም አገር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ የአዲስ አበባን የታክሲ ነጂዎች ሥራ እስከ ማስቆም እንዳደረሰ በታሪክ የታወቀ ነው። በብርድ አገሮች ደግሞ ነዳጁ የሚነድደው በመኪና ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ምድጃ ነውና ሊቃውንቱ ቤቱን ራሱን ይመረምሩ ጀመር። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒው ጀርሲ፥ ትዊን ሪቨርስ በተባለ ሰፈር ቤቶችን ሲያጠኑ፥ ሙቀቱ ማንም ባላሰበው ስውር መንገድ ከክፍሎቹ ወደ ጣሪያው ሥር እየሾለከ እንደሚወጣ ደረሱበት። በካናዳም እ.ኤ.አ. በ1977 በሬጃይና ከተማ «ሳስካችዋን ኮንሰርቬሽን ሃውስ» የተባለ ቤት ተሠርቶ፥ ግድግዳው ወፍሮ ቀዳዳው ከተደፈነ፥ በጽኑ ብርድ አገር እንኳ ቤት በጥቂት ኀይል ሊሞቅ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ አንድ አማካሪ በመኪናው ይዞት የሚዞረው መሣሪያ የእነዚያ ዓመታት ጥናት ፍሬ ነው።

አሁን ወደ እኅቴ ቤት ልምጣ። ቤቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሠራ ትንሽ የጡብ ቤት ነው። ከታች ምድር ቤት፥ ከመካከል ሳሎንና ማድ ቤት፥ ከላይ ደግሞ በጣሪያው ተዳፋት ሥር ሁለት ክፍሎች አሉት። ከሁለቱ በአንደኛው እናታችን ይተኛሉ። እናታችን የደብረ ብርሃን ሰው ናቸውና በብርድ የሚደነግጡ አይደሉም፤ በልጅነታችን ውርጭ በወረደበት ማለዳ ቀድመው የሚነሡ እርሳቸው ነበሩ። ዳሩ ግን የዚያ ክፍል ብርድ ሌላ ሆነባቸው። ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል፤ ሳሎኑ ይሞቃል፤ እርሳቸው ግን በሁለት ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ጉልበታቸውን እየቈረጠማቸው ያድሩ ነበር። በጥር ወር አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ፥ «ልጆቼ፥ እናንተንም በወጪ አስጨነቅኋችሁ፤ እኔንም አላሞቀኝ። ወደ አገሬ ስደዱኝ» አሉ። እኅቴ መልስ አልሰጠቻቸውም፤ ሥራ ሲረፍድባት ዕቃዋን ይዛ ወጣች። እናታችን በአገር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩበትን ቤት ስለምናውቅ፥ ነገሩ የማሞቂያ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የመስኮት ነጋዴ ቀጠሮ ይዞ መጣ። ሰውዬው ንግግር ያውቃል። እጁን ከመስታወቱ አጠገብ አድርጎ፥ «ይኸው ይሰማችኋል፤ ገንዘባችሁ የሚወጣው በዚህ ነው» አለ። 11 መስኮቶችን ሁሉ ለመለወጥ 18,000 ዶላር ጠየቀ፤ በዚያው ቀን ከተፈረመ ዋጋው እንደሚቀንስ፥ መንግሥትም ከዋጋው እንደሚመልስ ነገረን። የእኅቴ ባል የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ሌሊት ሠርቶ ሲመለስ አማቱ እንጂ እናቱ ያልሆኑትን አሮጊት ተኮራምተው ሲያይ የሚያዝን ቅን ሰው ነው። ብዕሩን ሊያነሣ ሲል እኅቴ፥ «ቆይ፥ መጀመሪያ ቤቱ ይመርመር» አለችው።

እርሱም፥ «መስኮቱ ቀዝቃዛ መሆኑን ለማወቅ ምን መርማሪ ያስፈልጋል? እጅሽን አስጠጊና እይ እንጂ» አላት።

«እጄ መቀዝቀዙን ይነግረኛል፤ ስንት እንደሚወጣ አይነግረኝም። ደግሞም ሳይመረመር የተሠራ አይመለስም» አለችው። እኅቴ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር ናትና ደንቡን አስቀድማ አንብባው ነበር። እናታችንም ከማእዘን ተቀምጠው፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። ነጋዴውም ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ።

ይሁንና ትዕግሥት ዋጋ አለው። በዚያ ዓመት ቤቱን ለማስመርመር የሚፈልገው ሰው ብዙ፥ አማካሪው ጥቂት ስለ ነበር ተራው ወራት ወሰደ። የካቲት አለፈ፥ መጋቢት አለፈ። ነጋዴው ሁለት ጊዜ ደወለ። ሒሳቡ በየወሩ መጣ። የእኅቴ ባል አንድ ቀን፥ «ወረቀት ስንጠብቅ ክረምቱ አለቀ» ብሎ ሲናገር እኔም በልቤ እውነቱን ነው አልሁ፤ እኅቴን ግን በዚህ ነገር መናገር አልደፈርሁም። ከላይ እንደ ተናገርሁት ደንቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛ ደንብ በቂ ሠራተኛ ካልተመደበለት በብርድ የሚያድረውን ሰው እንደሚያስቆይ መካድ አይቻልም።

በመጨረሻ በሚያዝያ ወር፥ ብርዱ ገና ሳይለቅ፥ አማካሪዋ መጣች። ወጣት ሴት ናት። መስኮት አትሸጥም፥ ምድጃም አትሸጥም። ሜትሯንና መብራቷን ይዛ ከምድር ቤት እስከ ላይ ወጣች፤ ግድግዳውን ለካች፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ቈጠረች፤ በምድጃውና በውሃ ማሞቂያው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ መዘገበች፤ መሰላል አስመጥታ የኮርኒሱን መውጫ ክዳን ከፍታ ከጣሪያው ሥር ያለውን ሙቀት መከላከያ በክንዷ ሰፈረች። መሰላሉን የያዝሁት እኔ ነበርሁና የነገረችኝን አልረሳሁትም። ከብዙ ዓመታት በፊት የተነጠፈው መከላከያ ሳስቶና ተጨፍልቆ፥ በአንዳንድ ቦታ የኮርኒሱ እንጨት ራቁቱን ይታይ ነበር።

ከዚህ በኋላ የምርመራው ዋና ክፍል መጣ። መስኮቶች ሁሉ ተዘጉ፤ ምድጃው እንዲጠፋ ተደረገ፤ በዋናው በር ላይ ሸራ የተወጠረበት ተጣጣፊ መዝጊያ ተገጥሞ፥ ከሸራው ሥር ትልቅ ማራገቢያ ተተከለ። ማራገቢያው አየሩን ከቤት ወደ ውጭ ሲስብ በቤት ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ አማካሪዋም ልዩነቱ 50 ፓስካል እስኪደርስ ድረስ ጠበቀች። ይህ ግፊት 5 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከሚያሳርፈው ክብደት ጋራ የሚስተካከል ነው፤ እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ያ ጥቂት ግፊት የቤቱን ምስጢር ሁሉ ለማውጣት በቃ። ወደ ውጭ በወጣው አየር ፈንታ የውጭው ብርድ በየቀዳዳው እየተሳበ ገባ፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን ከክፍል ወደ ክፍል እየዞርን ፈለግነው።

በመስኮቶቹ ዙሪያ የሚሰማው ነፋስ ቀላል ነበር። በምድር ቤቱ ግን የድንጋዩ ግንብ ከእንጨቱ ወለል ጋራ በሚገናኝበት መሥመር ሁሉ ብርዱ እንደ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። በላይኛው ፎቅም ከኮርኒሱ ክዳን ዙሪያ፥ ከመብራቱ ማቀፊያ፥ ከጢስ ማውጫው ጎን እየተወረወረ ይወርድ ነበር። አማካሪዋ ቀጭን ጢስ የሚያወጣ ብዕር መሳይ ነገር ከክዳኑ አጠገብ ብታደርገው ጢሱ ወደ ታች ተመትቶ ተበተነ። እናታችን ይህን ሲያዩ በአማርኛ፥ «ይህንንማ ዕጣኔ ነግሮኛል። ቡና ባፈላሁ ቍጥር ጢሱ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደዚያ ክዳን ነው የሚሮጠው» አሉ። እኅቴ ተረጐመችላት። አማካሪዋም ሥራዋን አቁማ፥ እናታችን ትክክል እንዳዩ፥ በሌላ ቀን ሙቀቱ በዚያ በኩል ወደ ላይ እንደሚወጣ፥ ዛሬ ግን ማራገቢያው መንገዱን ስለ ገለበጠው ብርዱ በዚያው በር እንደሚገባ አስረዳች።

ለተማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ ምክንያቱን በአጭሩ ልግለጸው። የሞቀ አየር ከቀዘቀዘው ይልቅ ይቀላልና ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል፤ በወጣም መጠን በቤቱ ግርጌ ባለው ቀዳዳ የውጭ ብርድ ይገባል። ስለዚህ ቤቱ ራሱ እንደ ጢስ ማውጫ ሆኖ ከታች ብርድ እየሳበ ከላይ ሙቀት ይተፋል። ውጭው በቀዘቀዘ መጠን ስቡ ይበረታል። በዚህ ምክንያት ነው ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ እየነደደ የላይኛው ክፍል የማይሞቀው። በመስኮቱ አጠገብ የሚሰማው ቅዝቃዜ ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን ከጥፋቱ ትንሹ ክፍል ነበር። ሰው የሚያየውንና የሚዳስሰውን መስኮት ይከስሳል፤ ወንጀለኛው ግን ማንም በማይወጣበት በጣሪያው ሥር ተደብቆ ይኖራል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዘገባው ደረሰ። አማካሪዋ የለካችውን ሁሉ «ሆት 2000» በተባለው የስሌት ፕሮግራም አስገብታ፥ ቤቱ በዓመት 148 ጊጋጁል እንደሚፈጅ፥ በ50 ፓስካል ግፊት ደግሞ የቤቱ አየር በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዘጠኝ ጊዜ በላይ እንደሚለወጥ ጽፋለች። ቀጥሎም ምን ቢሠራ ምን ያህል እንደሚድን በተራ አስቀመጠች። በመጀመሪያ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ፤ ከዚያ ጣሪያው ሥር መከላከያ ይጨመር፤ የምድር ቤቱም ግንብ አናት ይሸፈን። መስኮቶቹ በዝርዝሩ መጨረሻ ነበሩ። ከቀድሞው ባለቤት ዘመን ጀምሮ ባለ ሁለት መስታወት ስለ ነበሩ፥ ቢለወጡ የሚድነው ኀይል ትንሽ ነበር። ድጎማውም ለአንድ መስኮት እንደ ዓይነቱ 125 ወይም 250 ዶላር ብቻ ሲሆን፥ ለጣሪያው መከላከያ እስከ 1,800፥ ቀዳዳ ለመድፈን እስከ 1,000 ዶላር ይከፈል ነበር። የእኅቴ ባል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያም አንገቱን ነቅንቆ፥ «18,000 ዶላር ከፍለን እማማን በዚያው ብርድ ልናስተኛቸው ነበር» አለ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚገዛም ከእርሱ የተሻለ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ሌላ ችግር ተነሣ። መንግሥት የሚሰጠው ተመላሽ ነው። ተመላሽ ማለት አስቀድሞ የከፈለ ሰው የሚያገኘው ነው። ሥራው 5,200 ዶላር የሚጠይቅ ሲሆን፥ ቤቱን በብድር ገዝተው በየወሩ ለሚከፍሉ ለእኅቴና ለባሏ ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ማውጣት ቀላል አልነበረም። ችግሩን የፈታው ባንክ ሳይሆን ዕቁብ ነበር። በቶሮንቶ የሚኖሩ 20 ያህል ያገራችን ሰዎች በወር 250 ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ አላቸው። ዕጣው በሰኔ የወጣላቸው አንድ አረጋዊ ነበሩ። የዕቁቡ ዳኛ የእናታችንን ነገር ሲነግሯቸው፥ «እኔ ለበጋ የማደርገው ነገር የለኝም፤ እርሳቸው ግን ከክረምት በፊት ይሙቁ» ብለው ተራቸውን ለእኅቴ ለቀቁላት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በባዕድ አገር ጣሪያ ሥር ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሥራው በሐምሌ ወር በሁለት ቀን አለቀ። ሠራተኞቹ በመጀመሪያ ቀን ቀዳዳዎቹን ብቻ ደፈኑ፤ በሁለተኛው ቀን ከተፈጨ ወረቀት የተሠራውን መከላከያ በቱቦ እየነፉ ከጣሪያው ሥር ከመሩት። ይህ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው። መከላከያ እንደ ጋቢ ነው፤ ሙቀትን አቅፎ ይይዛል እንጂ ነፋስ አያግድም። ጋቢ ለብሶ በነፋስ መካከል የቆመ ሰው በላዩ ካቦርት ካልደረበ መብረዱ አይቀርም። ቀዳዳው ሳይደፈን መከላከያ ቢጨመር ገንዘቡ በከንቱ ይቀራል፤ በኋላም ከክምሩ ሥር ገብቶ ቀዳዳ መፈለግ ጭንቅ ነው።

በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. አማካሪዋ ተመልሳ ማራገቢያዋን በዚያው በር ላይ ተከለች። አየሩ በሰዓት የሚለወጠው ወደ ስድስት ጊዜ ወርዶ፥ የቤቱም ደረጃ 113 ጊጋጁል ሆነ። እኅቴ ደረሰኞቹን ከዘገባው ጋራ አያይዛ ላከች። ቼኩ የደረሰው እኔ ወደ አገሬ ልመለስ በተሰናዳሁበት በታኅሣሥ ወር ነው። ለምርመራው የተከፈለው ተጨምሮ ከ3,000 ዶላር ጥቂት ይበልጥ ነበር። በዚያው ወር በረዶው ወርዶ ነበርና የቤቱ ሥራ በእውነት ተፈተነ። እናታችን ስለ ጊጋጁል ምንም አልተናገሩም። ከሁለቱ ጋቢዎች አንዱን አጥበው አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት፤ ወደ አገሬ ስደዱኝ የሚለውንም ቃል ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ታሪኩ ያማረ በሆነ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የደንቡን ጉድለትም መጻፍ ይገባኛል። ከእኅቴ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር ያገራችን ሰው አለ፤ ከነልጆቹ በተከራየው ቤት ውስጥ ከእናታችን ባላነሰ ይበርደው ነበር። ቤቱ የእርሱ አይደለምና ሊያስመረምረው አይችልም፤ ባለቤቱም በዚያ አይኖርምና ለድጎማው አይበቃም፤ የማሞቂያውን ሒሳብም የሚከፍለው ተከራዩ ስለ ሆነ ለማደስ የሚያስገድደው ነገር የለም። ደግሞም የራሱ ቤት ኖሮት 5,000 ዶላር በእጁ የሌለው፥ ዕቁብም የሌለው ስንቱ ነው? ተመላሽ ገንዘብ ለከፈለ ይመለሳል፤ መክፈል ያልቻለ ግን በደንቡ ፊት እንደሌለ ይቈጠራል። በዚህ ዓይነት ከሁሉ ይልቅ ቀዳዳ የሞላበት ቤት ከሁሉ በኋላ የሚደፈን ይሆናል።

መንግሥቱም ይህን ሳያስተውል አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚሁ ሥራ እስከ 40,000 ዶላር የሚደርስ ወለድ የሌለው ብድር ፈቀደ። የአረንጓዴ ቤቶች ድጎማ ግን እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2024 ለአዲስ አመልካች ተዘጋ። በዚያው ዓመት የበጀት መግለጫ ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች፥ ተከራዮችን ጨምሮ፥ አስቀድሞ መክፈል ሳያስፈልግ ቤት የሚታደስበት ሌላ መርሐ ግብር እንደሚከተል ተነገረ። የመጀመሪያው ደንብ ጉድለት ለሁለተኛው ደንብ መምህር ሆነው ማለት ነው። ይህም ራሱ ከመለካት የሚገኝ ጥቅም ነው፤ የለካ ሰው ምን እንደ ሠራ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደ ዘለለም ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ የቀረልኝን ሐሳብ ለአንባቢ ላካፍል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አንድ ነገር እንዲሻሻል ስንፈልግ በጀት መፈለግን እናስቀድማለን፤ በጀቱ ሲገኝም ምን ያህል እንደ ተከፈለ እንጂ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። በዚያ ቤት ያየሁት ሥርዓት ግን ጥያቄውን ከመክፈል በፊትና ከመክፈል በኋላ ያቆመዋል። በፊት ሲለካ ገንዘቡ ወደ ትክክለኛው ቀዳዳ ይሄዳል፤ በኋላ ሲለካ ቀዳዳው በእውነት እንደ ተደፈነ ይመሰክራል። የሚለካውም ሰው ከሚሸጠው ሰው የተለየ መሆኑ የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው። መስኮት ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ ነገር ግን መስኮት ብቻ የሚሸጥ ሰው በሽታው ሁሉ መስኮት ቢመስለው አያስደንቅም።

ይህ ለቤት ብቻ አይደለም። መምህሩ ተማሪውን ከመገሠጹ በፊት ምን እንዳልገባው ቢመረምር፥ ሹሙም ለመንገዱ ወይም ለጕድጓዱ ገንዘብ ከማዘዙ በፊት የሰፈሩን ሰው ጠይቆ ቢያስለካ፥ የሚድነው ገንዘብና ድካም ብዙ ነው። የሰፈሩን ሰው መጠየቅ ያልሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያው ከመምጣቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ የዕጣን ጢስ ወዴት እንደሚሄድ ያዩ አንዲት እናት በዚያ ቤት ነበሩ። መሣሪያው የእርሳቸውን ቃል በቍጥር አጸናው እንጂ አልሻረውም። ስለዚህ ወጣቶች መለኪያውን እንዲማሩ፥ ሹማምንትም ከመለኪያው ጋራ በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ቃል እንዲያዳምጡ እመኛለሁ፤ ሁለቱ ሲተባበሩ የሕዝብ ገንዘብ በጣሪያ ሾልኮ አይጠፋምና።